የቀረውን 756 ኩንታል ማን አወረደው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ሠራተኛን ለዲጂታል ኢኮኖሚ ስለማሠልጠን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡሬ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ዕድሜዬ 51 ነው፤ በአንድ የእህል መጋዘን ስቶር ኪፐር ነኝ።

እኛም የእህል ገቢን በኮምፒውተር መመዝገብ ሠልጥነናል። ሦስት ቀን፣ ጠዋትና ከሰዓት። ይህን ተጫኑ፣ ቀጥሎ ያንን፣ አረንጓዴ ሲበራ አለቀ። ደብተሬን በ«ተጫን» ሞልቼ ወጣሁ። አሠልጣኙን አልወቅሰውም፤ ትሑት ልጅ ነው፣ የሰጡትን ነው የሰጠን።

በሳምንቱ አንድ አይሱዙ በቆሎ ይዞ ገባ። ጭነቱ 84 ኩንታል ነበር፤ እኔ አንዲት ዜሮ ጨምሬ 840 አልኩት። አረንጓዴው በራ። ሪፖርቱ ሂሳብ ክፍል ሄደ፣ ከዚያም ወደ ላይ። ሁሉም አየው፤ አንድ አይሱዙ እንዴት አድርጎ 84 ሺህ ኪሎ ይሸከማል ያለ ግን አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። ስህተቱን የያዘው ማን መሰላችሁ? ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ። ሂሳባቸው በኩንታል ስለሆነ ሊቀበል መጥቶ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ስክሪኑን አየና፣ «ጋሼ፣ የቀረውን 756 ኩንታል ማን አወረደው?» አለኝ። በቃሉ ነው የቀነሰው!

በቆሎ ስንረከብ እኮ ጆንያው አፍ ላይ ያለውን አናምንም። ከመሐል አውጥተን፣ በጥርስ ሰብረን ነው መድረቁን የምናውቀው። ስክሪን ፊት ስንቀመጥ ጥርሳችን ይወልቃል መሰለኝ።

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ጥቂት ቆይቻለሁ፤ ከመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና፣ ብዙም አልራቅኩም እንጂ። የኔታ ቅኔ ቆጥረው፣ ማለት ደርሰው፣ አይሰጡንም ነበር። ራሳችን ቆጥረን፣ ጎዶሎም ቢሆን ይዘን ሄደን እንነግራቸዋለን፤ እሳቸው ያርማሉ። ጎንጅና ዋሸራን የመሰሉ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር፣ አዋቂን ሰው «ተጫን» ብቻ ብሎ መሸኘት ያሳፍራል።

ልጄ በሐምሌ 2016 በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተምራ የምስክር ወረቀቷን ይዛለች። ደስ ብሎኛል። ግን እሷ የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለኛ መጋዘን ሰው አይሆንም።

ለኛ የሚሆነው ቀላል ነው። አሠልጣኙ ሆን ብሎ ስህተት ያለበት የገቢ ደረሰኝ ያምጣና «ምኑ ነው የተሳሳተ?» ብሎ ይጠይቀን፤ እንከራከርበት። «በስህተት 3,000 ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚለውንም የአጭበርባሪ መልእክት ያሳየን። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ይሄ ከግለሰብ ቁጥር ለምን መጣ? ከመመለሴ በፊት ቀሪ ሂሳቤን አይቻለሁ ወይ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ብንለማመድ አይሰለቸንም።

ለሚቀጥለው ዙር ያን አውራጅ ልጅ ላኩት ብዬ ጠይቄ ነበር። «ኮምፒውተር የለው፣ ምን ያደርግለታል?» ተባልኩ። እስከ ዛሬ ስሙ አልገባም።

ስሜ ይቆይልኝ
ከቡሬ፣ ጎጃም