ስለ 100 ብሩ የፍላሽ ምርመራ ክፍያ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከጥቅምት መጀመሪያ ወዲህ፣ በኮምፒውተር ጥገና ሱቃችን አላነብ ላለ ፍላሽና ሀርድ ዲስክ 100 ብር የምርመራ እየጠየቅን ነው። ሳናሳውቅ በድንገት ስለጀመርነው ይቅርታ። በር ላይ ወረቀት መለጠፍ አያቅተኝም ነበር።

ግን በሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ «ለመሰካት ብቻ መቶ ብር!» ተብሎ ሳነብ ከፋኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙ ገና ሰው ሳይሞላው፣ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ያገለገለ ፕሪንተር ነው የጀመርኩት። ያኔ ስንቱን ፍላሽ በነጻ አየሁ! ሻይ ጋብዛችሁኝ፣ መርቃችሁኝ ትሄዱ ነበር። አልረሳሁትም።

መሰካትማ ማንም ይሰካል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ፍላሽ አላነብ ሲል ጥፋቱ የፍላሹ ላይሆን ይችላል። የዴስክቶፕ የፊት መሰኪያ ከማዘርቦርዱ (ከውስጡ ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚገናኘው በቀጭን ሽቦ ነው፤ ከላላ ደህናውም ፍላሽ የሞተ ይመስላል። በኋላ በኩል ስትሰኩት ይሠራል። ሀርድ ዲስክ ደግሞ ኃይል ይፈልጋል። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው 3.0 እስከ 900 ይሰጣል። ካነሰው ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ይቀራል። ስልካችሁ ከሆነ ኬብሉን ጠርጥሩ። አንዳንዱ ርካሽ ኬብል የቻርጅ እንጂ የዳታ ሽቦ የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ሞክሩት። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ መልሳችሁ አብሩ። ሌላ መሰኪያ፣ ሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ። ሲሰካ ድምፅ እያሰማ የማይታይ ከሆነ ዲስክ ማኔጅመንት (ዊንዶውስ የተሰኩትን ዲስኮች የሚዘረዝርበት) ውስጥ እዩ፤ ድራይቭ ሌተር (እንደ E: ያለ መለያ ፊደል) ብቻ አጥቶ ይሆናል። ከሠራላችሁ እኔ ጋ መምጣት አያስፈልግም። (ይህን ስጽፍ የራሴን ገበያ እየዘጋሁ መሆኑን አውቃለሁ።)

ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው ወይ?» (ያለውን አጥፍቼ እንደ አዲስ ላዘጋጀው ወይ) ብሎ ከጠየቃችሁ ግን እሺ እንዳትሉት። እኔ ብዬ አይቼዋለሁ። በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት የልጃቸው የክርስትና ፎቶ ያለበት ፍላሽ አመጡልኝ። ቸኩዬ ፎርማት አደረግሁት። መሥራቱን ለማየት ብዬ ደግሞ ፊልም ጫንኩበት። ፎቶው የነበረበትን ቦታ ፊልሙ ያዘው። እናትየው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምንም ከመንካቴ በፊት የፍላሹን ሙሉ ቅጂ እወስዳለሁ። የተጎዳ ከሆነ ግማሽ ቀን ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከሀ። 100 ብሩ የዚህ ነው።

ወጪውንም ታውቁታላችሁ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከመርካቶ የማመጣው ኬብልም ሀርድ ዲስክም አብሮት ወጣ። የሱቅ ኪራዩ አለ። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ማሰናበት ደግሞ አልፈልግም። ስንቶቻችሁን ላፕቶፕ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ አድርሶላችኋል።

ስለዚህ ክፍያው ይቀጥላል። ጥገናው እኛ ጋ ከተሠራ ከሒሳቡ ይቀነሳል። የመመረቂያ ጽሑፉ ለጠፋበት ተማሪ ምርመራው ነጻ ነው፤ የዚያን ቀን ሆድ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሌላ ቦታ በርካሽ ካገኛችሁ አልቀየምም። ትንሽ ቅር ይለኛል እንጂ።

ባለፈው ቅዳሜ ተናደው ፍላሽዎን ጠረጴዛው ላይ ጥለው የወጡት አባት፣ ፍላሽዎ ተነቧል። ፋይሎቹን ሌላ ላይ ገልብጬ አስቀምጬልዎታለሁ። ማታ እስከ 2 ሰዓት አለን። ብቅ ይበሉ፣ ሻዩ በእኔ ነው።

የሱቁ ባለቤት
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ