ሆስፒታሉ ከመሠራቱ በፊት እዛ ስታዲየም ነበር

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ

ስለ ዘጠነኛውና ዩ ስትሪት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ሀበሻ መጥቶ ሬስቶራንት እስኪከፍት ድረስ ሰፈሩ ምንም ያልነበረበት ያስመስለዋል። እኔ ዲሲ ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፣ ከዛ ሰፈር ትንሽ ከፍ ብሎ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስንቱን ሰው እንዳደረስኩ እግዜር ነው የሚያውቀው። ከደንበኞቼ መሀል አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አባት ነበሩ፣ ለኩላሊት እጥበት ነበር የምወስዳቸው፣ ታዲያ ሕንጻው ጋ በደረስን ቁጥር ልጅ ሆነው እዛ ቦታ ቤዝቦል ያዩበትን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1945ን ዓመት ያነሱልኛል። ቤዝቦል ያኔ ለኔ ዱላ ይዞ መቆም ነበር፣ ከሳቸው በኋላ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖርኩ።

ሆስፒታሉ ያለበት ቦታ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። 1965 ፈረሰ፣ ሆስፒታሉ 1975 ተከፈተ። በአገሪቱ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ የሚጫወተው የዋሽንግተን ሴኔተርስ ሜዳ ነው፣ የቡድኑ ባለቤት ክላርክ ግሪፊዝ ይባላል። ሜዳው በጣም ሰፊ ነው፣ በግራ በኩል አጥሩ ከ120 ሜትር በላይ ይርቃል፣ መሀል ላይ ደሞ አምስት ቤቶች ባለቤቶቻቸው አንሸጥም ስላሉ አጥሩ ቤቶቹንና አንድ ትልቅ ዛፍ ዞሮ ነው የሚያልፈው። እንደዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ ኳስ መትቶ ከአጥር ማሳለፍ ቀላል አይደለም፣ ሴኔተርስ 1945 ዓመቱን ሙሉ እዛ የመቱት ሆም ራን (መቺው በአንድ ምት አራቱንም ቤዝ፣ ማለትም የሜዳውን ማዕዘኖች፣ ዞሮ ነጥብ የሚያገባበት) አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ጆ ኩል ሴፕቴምበር 7 ነው የመታው፣ ኳሷ ከአጥር ሳትወጣ እሱ ሮጦ ዞሮ ገባ።

ይሄ ቡድን በ1944 የሊጉ መጨረሻ ነበር። በ1945 ግን 87 አሸንፎ 67 ተሸንፎ ሁለተኛ ወጣ፣ ዲትሮይት ታይገርስ በአንድ ጨዋታ ተኩል በልጠውት። እንዴት ሆነ ብትሉ አንዱ ምክንያት ጦርነቱ ነው፣ የሁሉም ቡድን ኮከብ ወታደር ሆኗል። ሌላው ደሞ አራት ናክልቦል ወርዋሪዎች ነበሯቸው፣ ደች ሌናርድ፣ ዎልፍ፣ ኒግሊንግ፣ ሄፍነር። ናክልቦል ማለት ኳሷን በጣት ጫፍ ይዘህ ሳትሽከረከር መልቀቅ ነው፣ ስለማትሽከረከር አየር ላይ ትንገዳገዳለች፣ መቺውም ወዴት እንደምትሄድ አያውቅም፣ ከኋላ ሆኖ የሚቀልባት ሪክ ፌሬልም አያውቅም፣ ዓመቱን ሙሉ የሱ ሥራ እሷን ማሳደድ ነበር ማለት ይቻላል። ዎልፍ ብቻውን 20 ጨዋታ አሸነፈ።

በርት ሼፐርድንም ሳልጠራው አላልፍም። ፓይለት ነው፣ ጀርመን ላይ ተመቶ ወደቀ፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ፣ ምርኮኞች ካምፕ ውስጥ አብሮት የታሰረ ካናዳዊ ሰው ሰራሽ እግር ሠራለት። ኦገስት 4 ቀን 1945 እዛው ሜዳ ላይ ለሴኔተርስ ተሰልፎ ቦስተንን ገጥሞ ከ5 ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) በላይ ወረወረ፣ የገባበት አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከዛ በኋላ በትልቁ ሊግ አልተጫወተም። እኔ አሁን በዛ መንገድ ሳልፍ ክራንች ይዞ ከሆስፒታሉ የሚወጣ ሰው ባየሁ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰው ስለዛ ዓመት ሲያወራ ሁለት ነገር ነው የሚያነሳው። አንደኛው፣ ባለቤቱ ግሪፊዝ ስታዲየሙን ለአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ለማከራየት ብሎ የሴኔተርስን ፕሮግራም ከሌሎቹ አንድ ሳምንት ቀድሞ እንዲያልቅ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው ሴፕቴምበር 23 ፊላደልፊያ ላይ በ12ኛው ኢኒንግ የሴኔተርሱ ተጫዋች ቢንክስ የፀሐይ መነጽር ሳያደርግ ቆሞ ደመናው ሲገለጥ ኳሷ ከዓይኑ መጥፋቷ ነው፣ በዛ ተሸነፉ። ከዛ ሳምንቱን ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው ታይገርስን ሲጠብቁ ቆዩ። ሴፕቴምበር 30 ሴንት ሉዊስ ላይ ታይገርስ ሁለቱንም ጨዋታ ቢሸነፉ እኩል ይሆኑ ነበር፣ ግን ከጦርነት የተመለሰው የታይገርሱ ሀንክ ግሪንበርግ በመጨረሻው ኢኒንግ ሦስት ሰው ቤዝ ላይ ቆሞ ሆም ራን መታ፣ አለቀ።

እኚያ ደንበኛዬ ግን ስለ መነጽሩ ሲወራ ይቆጡ ነበር፣ እኔም አሁን እቆጣለሁ። ምክንያቱም ሴኔተርስ ሌላ ከተማ ሲሄዱ እዛው ሜዳ ላይ የሚጫወተው ሆምስቴድ ግሬይስ ነበር፣ የጥቁሮች ቡድን፣ ለግሪፊዝ ኪራይ ይከፍላል፣ የሰፈሩ ጥቁር ሕዝብም ብሩን ከፍሎ ይገባል። ግሬይስ ውስጥ ደሞ ጆሽ ጊብሰን ነበረ፣ ባክ ሌናርድ ነበረ። ሴኔተርስ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሆም ራን ብቻ በመቱበት ሜዳ ጊብሰን ያንን የግራ አጥር እያሳለፈ ይመታ ነበር! በዛው በ1945 ግሬይስ የሊጋቸው ሻምፒዮን ሆኑ። ባክ ሌናርድ በኋላ እንደተናገረው ግሪፊዝ እሱንና ጊብሰንን ቢሮው ጠርቶ ትልቁ ሊግ ላይ መጫወት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል፣ እነሱም አዎ ብለዋል፣ ከዛ በኋላ ግን ምንም የለም። ያኔ ትልቁ ሊግ ውስጥ ጥቁር ያስገባ ቡድን እንዳልነበረ አውቃለሁ፣ ግሪፊዝ ብቻውን አይደለም። ግን አንድ ጨዋታ ተኩል እኮ ነው የጎደለው፣ ሰዎቹ ደሞ የገዛ ሜዳው ላይ ነበሩ።

ያ የውድድር ዓመት ባለቀ በሶስት ሳምንት፣ ኦክቶበር 23፣ ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በትልቁ ሊግ ቡድን በብሩክሊን ዶጀርስ ስር ላለው የሞንትሪያል ቡድን መፈረሙ ተነገረ። ጊብሰን ጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ፣ ሮቢንሰን ዶጀርስ ሆኖ ሜዳ ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው። ሴኔተርስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች፣ ኩባዊውን ካርሎስ ፓውላን ያሰለፉት ሴፕቴምበር 1954 ነው። ከ1945 በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማለት ነው።

በ2024 የጥቁሮች ሊግ ውጤት ከትልቁ ሊግ መዝገብ ጋር ሲቀላቀል ጊብሰን በመምታት አማካይ (ለመምታት ከቆመበት ስንቱ እንደተሳካለት የሚያሳይ ቁጥር)፣ በ0.372፣ ከሁሉም በላይ ሆነ። ያን ቀን ለሳቸው ደውዬ ልነግራቸው አማረኝ፣ ካረፉ ግን ቆይተዋል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ስለዛ ሰፈር ድጋሚ ስትጽፉ ስለ ግሬይስ ትንሽ ቦታ ስጡ፣ ልጆቻችን እኮ እዛው ነው የሚያድጉት። መቺው የሚቆምበት ቦታ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል፣ ፎቶ አንሺ ከላካችሁ እኔ መጥቼ አሳየዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ይመቸኛል።

አክባሪያችሁ፣ የድሮ ታክሲ ነጂ
ከዋሽንግተን ዲሲ