እስር ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ከብድር ይጠበቅ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ዘመድ ሲታሰር ከውጭ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ «ጠንከር በል፣ እንዳትደፈር» የሚል ነው። ከጉልበት በፊት ግን ስለ ብድር ቢመከር ይበጀዋል። እስር ቤት ውስጥ የሚነሳ ጠብ ሥሩ ሲፈተሽ የአንድ ሲጋራ ወይም የአንድ የስልክ ካርድ ዕዳ ሆኖ ይገኛል። ዛሬ አንድ የወሰደ በሳምንቱ ሁለት ይጠየቃል፤ ካሳለፈ አራት። መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው ዕዳውን በውለታ ይለውጥለታል፦ «ይህችን ፍራሽህ ሥር አቆይልኝ።» ፍተሻ ሲመጣ የሚቀጣው ባለ ፍራሹ ነው። ለአዲስ ገቢ በመጀመሪያው ቀን የሚዘረጋለት ስጦታም ከዚህ አይለይም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለጊዜው አለኝ» ማለት ማንንም አያስቀይምም፤ ከተቀበለ ደግሞ የወሰደውን ያህል፣ ሳይዘገይ፣ ሰው ባለበት ይመልስ። በገንዘብ ካርታ መጫወትማ የዕዳ አቋራጭ ነው።

ቤተሰብም በቅን ልቦና ነገሩን ያባብሳል። ብዙ ዕቃና ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማስገባት ዓይን ይስባል፤ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ብድር ይገፋል። ትንሽ በትንሽ፣ ቀን ጠብቆ ይሻላል። ታራሚው ደውሎ በማታውቁት ሰው ስም ገንዘብ አስገቡ ካለ፣ እየተዛተበት እንደሆነ ጠርጥሩ። ከፍላችሁ ዝም ካላችሁ ቀጣዩ ጥያቄ ከፍ ብሎ ይመጣል። በአካል ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ሲስማማም ለጠበቃውና ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አሳውቁ።

ክርክር ሲነሳ አደገኛው ነገር ተመልካች ነው፤ ሰው በከበበበት መልስ መስጠት ሁለቱንም ማፈግፈጊያ ያሳጣል። ጥበቃ ወደሚያይበት ቦታ ዞር ብሎ፣ ንዴቱ ሲበርድ ሁለቱም በሚያከብሩት ነባር ታራሚ በኩል መነጋገር ይቻላል። ሳይጋበዙ የሰው አልጋ ላይ አለመቀመጥ፣ የስልክ ወረፋ አለመዝለል፣ የሌላውን ክስ አለመጠየቅ፣ የራስንም የክስ ወረቀት አለማዝረክረክ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ዛቻው ከቀጠለ ኮሪደር ላይ ጥበቃን ጠርቶ ማውራት «ጆሮ ጠቢ» ያሰኛል። ለሕክምና ሲወጡ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ዘንድ ሲገቡ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን ለይቶ መናገር ይሻላል።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚናገሩት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ ታራሚ በየቀኑ አቤት የማለት ዕድል እንዲኖረው (ቁጥር 56)፣ በማመልከቱም እንዳይበቀሉት (ቁጥር 57) ይላሉ። ቁጥር 54 ደግሞ ሲገባ የእስር ቤቱ ደንብ በጽሑፍ ይሰጠው ይላል። በዚያ ወረቀት ላይ ስለ ብድር አንድ አንቀጽ ቢታከል፣ ማንበብ ለማይችለውም በቁጥር 55 መሠረት በቃል ቢነገረው፣ ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ