እህት ዓለም፣ ስለዚያ ገበታ ልንገርሽ

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? እማማ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

መልእክትሽ ሲደርሰኝ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ነበር የምንደዋወለው። ከዚያ በበዓል በበዓል ብቻ ሆነ። በኋላ እሱም ቀረ። ሥራው፣ ልጅ ማሳደጉ፣ የሰዓቱ ልዩነት ሲባል ዓመታት ነጎዱ። አንቺን ሳላስታውስ ግን የከረምኩ እንዳይመስልሽ። ጥያቄሽን ሳነበው ደግሞ አንቺን አንቺን አለኝ። «ልጆቹን ይዘን ፍሎሪዳ፣ ዲዝኒ ልንመጣ ነው። የት ነው የሚበላው?» ሌላ ሰው ስለ መጫወቻው ይጠይቃል። አንቺ ድሮም ከገበታው ነው የምትጀምሪው።

በሁለት መስመር ልመልስልሽ አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። ስለ አንድ ቤት በደንብ ልንገርሽ።

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በሚባለው ሰፊ የመዝናኛ ግቢ ውስጥ፣ ቤይ ሌክ የሚባለው ሐይቅ ዳር፣ ዊልደርነስ ሎጅ የሚባል ሆቴል አለ። ምግብ ቤቱ ዊስፐሪንግ ካንየን ካፌ ይባላል። ካፌ ስልሽ ማኪያቶና ኬክ እንዳይመስልሽ። እጅጌ ሰብሰብ ተደርጎ፣ ተዝናንቶ የሚበላበት ቤት ነው።

ወደ ምግቡ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ሕንፃው ትንሽ ልበልሽ፤ ምክንያቱም ረሃቡ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሆቴሉ የተከፈተው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። የነደፈው ፒተር ዶሚኒክ የሚባል አርክቴክት ነው። መነሻ ያደረገው በምዕራብ አሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ያሉትን አሮጌ የግንድ ሎጆች ነው፤ በተለይ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ያለውን ኦልድ ፌይዝፉል ኢን የሚባለውን ሆቴል። ያኛው በ1904 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ከዚያው አካባቢ በተገኘ ግንድና ድንጋይ የተሠራ ቤት ነው። ፍሎሪዳ እንደምታውቂው ተራራ የላትም፤ ሜዳና ሙቀት ናት። ግን በሩን አልፈሽ ስትገቢ ያ ሁሉ ይረሳሻል። ወፋፍራም ግንዶች ቀጥ ብለው ጣሪያ ድረስ ይወጣሉ። ከድንጋይ የተሠራው የእሳት ምድጃ ብቻ ቁመቱ 25 ሜትር ገደማ ነው። የድንጋዩ ቀለም ከታች ወደ ላይ ይለዋወጣል፤ ግራንድ ካንየን የሚባለውን ትልቅ ሸለቆ የድንጋይ ንብርብር እንዲመስል ነው እንዲህ የተደረደረው። የጥንቱ ከታች፣ የቅርቡ ከላይ። ትልቁ ልጅሽ ይህንን ይወደዋል፤ አሳዪው። ከአዳራሹ ወለል የሚፈልቅ ውኃም አለ። እየወረደ ወደ ውጭ፣ ወደ መዋኛው አቅጣጫ ይሄዳል። የሠሩት ሰዎች ከልባቸው እንደሠሩት ያስታውቃል።

አሁን ወደ ገበታው።

ትልቅ የብረት መጥበሻ መሀል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ። በጭስ ቀስ ብሎ የበሰለ የጎድን ሥጋ፣ ዶሮ፣ ቋሊማ፣ የተፈጨ ድንች፣ ቦሎቄ፣ በቆሎ፣ ሞቅ ያለ የበቆሎ ዳቦ። የሚቀርበው ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀያየራል፤ ዓይነቱ ግን ይሄው ነው። ሲያልቅ አስተናጋጁን ትጠሪያለሽ፣ ይጨመራል። ሂሳቡ በሰው ስለሆነ ማንም «ይበቃኛል» እያለ አይሳቀቅም። አንዱ ድንቹን ይወስዳል፣ አንዱ ዶሮውን፤ ጠረጴዛው ላይ እጅ በእጅ ይተላለፋል። ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ላይ ሲነጫነጩ የዋሉ ልጆች «ያንን አቀብለኝ» ሲባባሉ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል!

ምግቡ ተራ ነው። ተራ የምልሽ ለማሳነስ አይደለም። የምዕራብ አሜሪካ ከብት ነጂዎች ምግብ ነው። በ1866 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ጉድናይት የሚባል የቴክሳስ ከብት አርቢ የወታደር ጋሪ ወስዶ የሚንቀሳቀስ ማድ ቤት አደረገው። ከኋላው መሳቢያና መደርደሪያ ያለው፣ ክዳኑ ሲዘረጋ ጠረጴዛ የሚሆን። ከብቱን እየነዱ የሚሄዱበት መንገድ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የሚጫነው የማይበላሽ ነገር ነው፤ ደረቅ ቦሎቄ፣ ዱቄት፣ ጨው የበዛበት ሥጋ፣ ቡና። ወፍራም የብረት ዕቃ ደግሞ ከሰል ላይ ቢጣድ አይጎዳም፤ አንዴ ከጋለም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። መጥበሻው ዛሬም ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ተነስተው ተቀምጠው እስኪመለሱ ምግቡ አይቀዘቅዝም። የጎድን ሥጋውም እንደዚያው ነው። ጠንካራ ጅማት የበዛበት ሥጋ በለስላሳ እሳት ለሰዓታት ካልቆየ አይላላም። ሲቆይ ጅማቱ ይቀልጥና ከአጥንቱ በጣት ይለቃል። ችኮላ የማይወድ ምግብ ነው። ደክሞሽ ስትቀመጪ የሚያሳርፍሽም ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ የምታስቢበት ነገር አለ። ጎድኑ የአሳማ ነው። ቋሊማውንም እንደዚያው ቁጠሪው። ስለዚህ ገና ስትቀመጡ ለአስተናጋጁ «አሳማ አንበላም» በይው። አትፈሪ፤ የማይስማማውንና የማይበላውን አስቀድሞ መናገር እዚያ የተለመደ ነው፣ ማድ ቤቱም ያውቅበታል። እማማ አብረው ከመጡና ጾም ከሆነም ሥጋና ወተት የሌለበት ምን እንዳለ ጠይቂ። ቦታ ስትይዢም ብትጽፊው ጥሩ ነው።

ጫጫታውን ደግሞ አስቀድሜ ልንገርሽ። አስተናጋጆቹ ይጮኻሉ፣ ይቀልዳሉ። ካቻፕ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት አልነግርሽም። ትንሹ ልጅሽ ይጠይቅ፤ አንቺ ፊቱን ብቻ እዪ። ሚልክሼክም እዘዙ፤ ሲያልቅ ይሞላላችኋል። ሴት ልጅሽ እንደ ድሮው ዓይን አፋር ከሆነች ለአስተናጋጁ ቀስ ብለሽ ብትነግሪው ይተዋታል። ሰከን ያለ ወሬ ለማውራት ግን ይህ ቤት አይሆንም። ለዚያ ከእራት በኋላ ምድጃው ፊት ያሉት ወንበሮች ይሻላሉ። ማንም አያስነሳሽም።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ይህንን ነው። ይህንን እራት በሁለት መጫወቻ መሀል አታስገቢው። ሰው ሁሉ እዚያ ሲሄድ ብዙ ብር ስለሚያወጣ እያንዳንዷን ደቂቃ ሊጨምቅ ይፈልጋል። ቆሞ ይበላል፣ እየሮጠ ይጠጣል። ልጆቹ ማታ ሲያለቅሱ ደግሞ ይገርመዋል። አንድ ከሰዓት ሙሉ ለዚህ ስጪ። ማጂክ ኪንግደም የሚባለው የዲዝኒ ፓርክ የምትውሉበት ቀን ከሆነ በጊዜ ውጡና በጀልባ ሐይቁን ተሻግራችሁ ሂዱ፤ ጀልባው ራሱ ዕረፍት ነው። ወይም ፓርክ በማትገቡበት ቀን አድርጊው። ሆቴሉ ውስጥ ለመብላት የፓርክ ትኬት አያስፈልግም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ። ቦታ ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ መያዝ ይቻላል፣ በስልክሽ በዲዝኒ መተግበሪያ። አትዘግዪ፣ የእራት ሰዓት ቶሎ ይሞላል። 10 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ነው የሚከፍለው። ዋጋውን ከሜኑው ላይ አስቀድመሽ እዪ፤ ርካሽ አይደለም። በዚያ ላይ ቀረጡና ጉርሻው ለብቻው ይታሰባል፤ ለአስተናጋጅ ከሂሳቡ 18 እስከ 20 በመቶ መስጠት እዚህ አገር እንደ ግዴታ ነው። ቀን ምሳ ቀለል አድርጋችሁ ብትውሉ ገንዘቡም ሆዱም ይበቃል።

እኔ ይህንን ሁሉ የጻፍኩልሽ ሌላም ምክንያት አለኝ። የምትመጡበትን ቀን እንደቆረጣችሁ ንገሪኝ። ፈቃድ እወስዳለሁ። ቦታ ስትይዢ እኔንና ልጄን ጨምረሽ ያዢ። ልጄ ስላንቺ የሚያውቀው በወሬ ነው፤ ልጆችሽንም እኔ በፎቶ ብቻ ነው የማውቃቸው።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። የአውሮፕላኑ ጉዞ ይከብደኛል ካሉ እኔ ደውዬ አግባባቸዋለሁ። ቁጥሬ አልተለወጠም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእናንተ አቆጣጠር ሁሌም ቤት ነኝ። ደውዪ።

የምትወድሽ እህትሽ