ለሐረሩ ወዳጄ፣ ከድሬ

ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ቤት፣ ልጆች፣ እማማ ሁሉም ደኅና ናቸው? ከድሬ ሐረር የአንድ ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ ይኼን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ አሳፍሮኛል። ምክንያት ደርድሬ አላደክምህም፤ ይቅር በለኝ።

የሥራ ፈጠራውን ኮርስ እንድታስተምር እንደሰጡህ ሰማሁ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስናስተምረው ቆይተናልና የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን ሳትደክምበት እንድታውቀው ብዬ ብዕር አነሳሁ።

መጀመሪያ ስለ ቢዝነስ ፕላኑ። እጅህ የሚገባው የኮርሱ ዝርዝር በመጨረሻ ቢዝነስ ፕላን ማስረከብን ይጠይቃል። ተማሪው ደግሞ የሲኒየሮቹን ፕላን በቴሌግራም ያገኛል፤ «የዶሮ እርባታ» የሚለውን «የወተት ላም» ብሎ ይቀይርና 40 ገጽ ይሰጥሃል። ውስጡ የ5 ዓመት የትርፍ ትንበያ አለ፤ አንድም ገዢ ያነጋገረ ግን የለም። ክፋቱ መቅዳቱ ብቻ አይደለም። ልጁ ያላየውን ገበያ በቁጥር መሙላት እንደሚቻል ተምሮ ይወጣል፤ ያንኑ ወረቀት ይዞ ብድር ሲጠይቅና ሲከለከል ደግሞ ጥፋቱ የባንኩ ይመስለዋል። ስለዚህ ፕላኑን ወደ መጨረሻው ሳምንት ግፋው፣ አንድ ገጽ አድርገው፣ ቁጥሩም ተማሪው በገዛ እጁ ሸጦ ያገኘው ብቻ ይሁን። ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት በሙሉ ለገበያ ናቸው።

«ምን ሐሳብ አለህ?» ብለህ አትጀምር። ከ60 ተማሪ 40ው አፕ ልሥራ ይልሃል። ሳራስ ሳራስቫቲ የተባለች ምሁር 27 ልምድ ያላቸው ሥራ ፈጣሪዎች እንዴት እንደሚያስቡ አጥንታ በ2001 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣችው ጽሑፍ ያሳየችው፣ እነዚህ ሰዎች የሚነሡት ከግባቸው ሳይሆን በእጃቸው ካለው መሆኑን ነው፤ የሚያስሉትም የሚያተርፉትን ሳይሆን ቢጠፋ የሚችሉትን ነው። ይኼን በአንድ ወረቀት ላይ አሠራቸው፦ ምን አውቃለሁ፣ ማንን አውቃለሁ፣ ምን ያህል ብር ቢጠፋብኝ እችላለሁ። እኔ በነፍስ ወከፍ ከ300 ብር እንዳያልፍ ጣሪያ አበጅቻለሁ። አራተኛ ዓምድ ደግሞ ጨምርበት፦ ምን ቋንቋ እናገራለሁ። እዚህ ድሬ ከፊራ ገበያ ገብተህ ኦሮምኛም ሶማልኛም ካልቻልክ ብዙው ነጋዴ አይነግርህም፤ አንተ ጋ ደግሞ ሐረሪ ይጨመራል። ቡድን ሲመሠረት ጓደኛ ለጓደኛ ከመቧደን ይልቅ ቋንቋ ለቋንቋ አቀናጃቸው። ቡድኑ አራት ሰው ይሁን። ሰባት ካደረግከው ሁለቱ ይሠራሉ፣ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ጥያቄው። ተማሪ ገበያ ወጥቶ «እንዲህ ያለ ነገር ብናመጣ ትገዢ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሴትየዋም «እንዴታ ልጄ፣ እገዛለሁ» ትለዋለች። ይሉኝታ ነው። የሰው ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ እየጠየቃት አይሆንም አትልም። ልጁ ግን 15 ሰው አነጋግሮ 15ቱም ይገዛሉ ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ «ቢሆን» የሚል ጥያቄ በሙሉ ከልክል፤ ያለፈውን ብቻ ይጠይቁ። መጨረሻ የገዛሽው መቼ ነበር? ስንት ከፈልሽ? ከማን? ባለቀብሽ ቀን ምን አደረግሽ? ከዚያ በኋላ ቀብድ ይጠይቁ። 20 ብር እንኳ ቢሆን። ምስጋናን ዜሮ ብለህ ቁጠረው፣ ስልክ ቁጥር መስጠትን አንድ፣ ቀብድን አምስት። 15 ሰው አነጋግሮ አንድም ቀብድ ያላገኘ ቡድን ዕቃውን ወይም ገዢውን ይቀይር እንጂ ወደ ሽያጭ አይለፍ። ተማሪዎቹ ቀብድ መጠየቅ በጣም ያፍራሉ፤ እኔ ከኮርሱ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይኼ እፍረት መሰበሩ ይመስለኛል። ቀብዱ በደረሰኝ ይያዝ፤ ዕቃው ካልቀረበም በሦስት ቀን ውስጥ ይመለስ። ይኼ ካልተጠበቀ የዩኒቨርሲቲው ስም ገበያ ላይ ይጠፋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪም የሚያናግረው አያገኝም።

ሰዓቱንም አስተምራቸው። ድሬ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል። ስምንት ሰዓት ላይ መጠይቅ ይዞ የወጣ ቡድን ባዶ መንገድ ያይና «ገበያ የለም» ብሎ ይመለሳል። ጠዋት ከአምስት ሰዓት በፊት፣ አለዚያ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይውጡ። ሰው የት እንደሚያልፍም ይቁጠሩ። ለምሳሌ አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ ተሳፋሪው እዚያ ሲወርድ ሻንጣ ይዞ፣ ውኃ ጠምቶት፣ ትራንስፖርት ፈልጎ ነው። ከዚራ ያለው የድሮው ጣቢያ ዙሪያ ቁጭ ብሎ ይኼን ማየት አይቻልም።

ስለ ሂሳቡ ደግሞ በደንብ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ነው። የባቢሌን ለውዝ ምሳሌ እወስዳለሁ፤ ዋጋው ለስሌት ብቻ ነው፣ አንተ የሰሞኑን አስገባበት። አንድ ቡድን 10 ኪሎ ጥሬ ለውዝ በ150 ብር ገዛ፤ 1,500። ለቅሞና ቆልቶ 9 ኪሎ ቀረው። ከሰል 80፣ መጓጓዣ 120፣ 180 ከረጢት በአንድ አንድ ብር 180። ጠቅላላ ወጪ 1,880 ብር። 50 ግራም የሚይዝ 180 ከረጢት በ15 ብር ቢሸጥ 2,700 ይመጣል፤ ልጆቹ «820 ብር አተረፍን» ብለው ይደሰታሉ። አሁን ሁለት ነገር ጠይቃቸው። ሁሉም ተሸጠ ወይ? 20ው ለጓደኛ ቅምሻ ሄዷል፤ ስለዚህ የገባው 2,400 ነው፣ ትርፉም 520። የስንት ሰዓት ሥራ ነበር? ሦስት ልጆች አምስት አምስት ሰዓት፣ 15 ሰዓት። ሰዓቱን በ40 ብር ብትይዘው 600 ብር። 80 ብር ከስረዋል ማለት ነው። «ጉልበታችን ነፃ ነው» ይሉሃል፤ አትቀበላቸው። ጉልበቱን ያልቆጠረ ሰው ሥራው ሲያድግና ሠራተኛ ሲቀጥር በመጀመሪያው ወር ይወድቃል።

ከዚያ መውጫውን እነሱው ያግኙት። አንድ ቡድን 180ውንም ፈቃድ ላለው ሱቅ በ13 ብር ቢያስረክብ 2,340 ያገኛል። ዞሮ መሸጥ ስለቀረ ሥራው ወደ 6 ሰዓት ይወርዳል፣ 240 ብር። ከ2,340 ላይ 1,880 እና 240 ሲቀነስ 220 ብር ትርፍ ይቀራል። ዋጋ ቀንሶ ማትረፍ እንደሚቻል ሰሌዳ ላይ ከምትነግራቸው ይልቅ በገዛ ቁጥራቸው ሲያዩት አይረሱትም። ሱቁ ግን በዱቤ ሊወስድ ይፈልጋል። ዱቤ ከሰጡ የሚቀጥለውን ለውዝ በምን ይገዛሉ? ትርፍ እያላቸው ብር የሚያልቅባቸው በዚህ ነው፤ ስለዚህ ሰጥተው ያልተቀበሉት፣ ቡድኑ ሽያጩንና ወጪውን በሚጽፍበት መዝገብ ላይ የራሱ ዓምድ ይኑረው።

የምግብ ነገር ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አትርሳ። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ተለቅሞ ይጣል፤ በርካሽ አይሸጥ። ትኩሱን ከረጢት ውስጥ ከከተቱት ደግሞ እንፋሎቱ ውስጥ ቀርቶ ያለሰልሰዋል፤ እስኪበርድ ይጠብቁ።

መነሻ ገንዘብን በተመለከተ ስለ ባንክ ብድር ረጅም ምዕራፍ አለ፤ እኔ አሳጥሬዋለሁ። በምትኩ ዕቁብ እናስተምራለን። 12 ተማሪ በሳምንት 50 ብር ቢጥል ዕጣው 600 ብር ነው፣ ዙሩም በ12 ሳምንት ያልቃል፤ ለአንድ ሴሚስተር ልክ ነው። ዳኛና ጸሐፊ ይመርጣሉ፣ ቀድሞ የወሰደ ዋስ ይጠራል። ስለ ብድር ዋስትናና ስለ ቅጣት የምትደክምበትን ሁሉ በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው ያነሡታል። እንግዳ መምህር ስትጋብዝም ባለ ፋብሪካ አትፈልግ፤ 20 ዓመት አትክልት የሸጠች እናት ትምጣልህ። የተበላሸውን ቲማቲም እስከ ስንት ሰዓት በምን ዋጋ እንደምታወጣው ትንገራቸው።

ማርክ ለትርፍ አትስጥ። ከሰጠህ ልጆቹ ለእናታቸው ይሸጣሉ፣ ወይም ደረሰኝ ይፈጥራሉ። እኔ ለመዝገብ 35፣ ለቃለ መጠይቅ 25፣ ለሂሳብ 20፣ ለቃል ፈተና 20 አድርጌዋለሁ። ከስሮ ምክንያቱን በቁጥር ያሳየ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ከየመዝገቡ ሦስት ገዢ በዕጣ አውጥተህ ደውልላቸው፤ ይኼን አስቀድመህ ንገራቸው፣ ያን ጊዜ ማንም የሐሰት ገዢ አይፈጥርም።

ስለ ምረቃ ማግስት የምልህ አለ። ሁሉም ወዲያው ንግድ ይክፈት አትበል። በሚወደው ዘርፍ ሁለት ዓመት ተቀጥሮ አቅራቢውን፣ የጅምላ ዋጋውን፣ ዕቃ የሚበላሽበትን ወቅት ቢያውቅ እሱም የሥራ ፈጠራ ጉዞ ነው። በማኅበር ለመደራጀት የሚቸኩሉት ቁጥር ለመሙላት ያልተዋወቁ ሰዎች ይሰበስባሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ አንዱ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይቀጠርና ድርሻዬን ስጡኝ ይላል። ሥራ ያገኘ ሰው እንዴት እንደሚወጣና ድርሻው እንዴት እንደሚሰላ ገንዘብ ሳይገባ በፊት ይጻፍ። ብቻውን መሥራት የሚፈልግም በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንደሚፈቅድለት ይወቅ። ንግድ ፈቃድ ግን ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች በፊት ለማስመሰል አይወጣም፤ እድሳት አለው፣ ለመመለስም ከግብር ዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ (ክሊራንስ) ያስፈልጋል። በልምምዱ ወቅት ከግቢ ውጭ የሚሸጡት ፈቃድ ባለው ሱቅ በኩል እንዲሆን የምለው ለዚሁ ነው፤ ለግቢው ደግሞ ከዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አስፈቅድ።

ያንተዎቹ የጤና ተማሪዎች ናቸው አይደል? መድኃኒት መሸጥና ምርመራ ከመጀመሪያው ቀን የተከለከለ ይሁን። ነገር ግን ሆስፒታሉ በር ላይ ጠዋት ቆመው አስታማሚዎቹን ይዩ። ከገጠር የመጣ ሰው ለበሽተኛው ሙቅ ውኃ፣ አጥሚት፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግበት፣ ሌሊት የሚያርፍበት ይፈልጋል። ለእነዚህ ነገሮች ትናንት ስንት እንደከፈለ ይጠይቁት። ከለውዙ የተሻለ ሥራ ከዚያ የሚወጣ ይመስለኛል።

የክፍልህን ተማሪ ብዛትና የሚናገሩትን ቋንቋ ጽፈህ ላክልኝ፤ ቡድኑን አብረን እናደላድለው። የመዝገቡን ናሙና በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐረር በሚወጣ ሰው እልክልሃለሁ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው፣
ከድሬ