ሜዳሊያው መጣ፤ ስታዲየሙስ ምን ሆነ? (የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ)

ባርሴሎና ስትሏቸው ደራርቱ፣ ሲድኒ ስትሏቸው ኃይሌ ይሏችኋል። የክበባችን ልጆች የዓለምን ከተሞች የሚያውቁት በሯጮቻችን ነው፤ ለጂኦግራፊ መምህር ይሄ ሲሳይ ነው። እኔም ዘንድሮ እዚያው ላይ ያዝኳቸው። እንግዳው ሁሉ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ያ ሁሉ ግንባታ ምን ሆነ?

በቡድን ተከፋፍለው ከተማ ከተማ ያዙ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ በአብዛኛው የኔ ስልክ ነው።) ባርሴሎና የደረሳቸው ፈነደቁ። ከተማዋ ለ1992ቱ ኦሎምፒክ ብላ ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ይዞት የነበረውን ባሕር ዳርቻ ከፈተች፤ ሕዝቡ ዛሬም ይዋኝበታል። የሞንትሪያሎቹ ግን ከፋቸው። በ1976 አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር አድማ መታ የቀረችበት ውድድር ነው፤ ከተማዋ የስታዲየሙን ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006። ሠላሳ ዓመት! «እንኳንም ቀረን» ያለም ነበር።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ለንደን ነው። በ2012 ጥሩነሽ በ10 ሺህ፣ መሠረት በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጡበት የስትራትፎርድ አካባቢ ቀድሞ ፋብሪካዎች አፈሩን የበከሉት መሬት ነበር። አፈሩ ጸዳ፣ ትልቅ ፓርክ ተሠራ፣ ስፖርተኞች ያደሩበት መንደር ከ2,800 በላይ መኖሪያ ቤት ሆነ፣ ስታዲየሙን ከ2016 ጀምሮ ዌስትሃም ይጫወትበታል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን ክሌይስ ሌን በሚባል የጋራ መኖሪያ የነበሩ ከ400 በላይ ሰዎች ለዚሁ ግንባታ ተነሥተው ሰፈራቸው ፈርሷል።

እዚህ ላይ ክፍሉ ተነቃነቀ። የኛ ልጆች የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ልጆች ናቸው፤ ከመሀል ከተማ በልማት ተነሺነት የመጣ ቤተሰብ ያላቸው ጥቂት አይደሉም። አንዷ «ጎረቤቶቹን አንድ ላይ ነው ያሰፈሯቸው ወይስ በተኗቸው?» ብላ ጠየቀች። አያቷ እስካሁን ለእድር አራት ኪሎ ይመላለሳሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ አላየሁም፤ የዕለቱን እቅዴን ትቼ ሲያወሩ ዋልን።

የራሳችንንም አልረሳንም። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣንበትን የአዲስ አበባ ስታዲየም በአውቶቡስ ሄደን ከውጭ ዞርነው። ዙሪያው ሱቅ ነው፤ ማሊያ፣ ጫማ፣ ኳስ። ብሔራዊ ቡድኑ በሜዳው ማድረግ የነበረበትን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ሰፈሩ ግን ስሙንም ገበያውንም ከስታዲየሙ ወርሶ ቀርቷል።

ዘንድሮ ኢትዮጵያ የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንደምትፈልግ ሲሰማ ክርክር ገጠምን። ወንዶቹ ከሞላ ጎደል «ይምጣ!» አሉ። ሴቶቹ ቅድመ ሁኔታ አበዙ፦ ትራንስፖርቱ እስከ አባዶ ይድረስ፣ የመለማመጃ ሜዳ ከተሠራ ከውድድሩ በኋላ ለትምህርት ቤቶች ይከፈት። እኔ ወደ ሴቶቹ አደላለሁ፤ ዳኛ ስለነበርኩ ዝም አልኩ እንጂ። ክርክሩ ስላላለቀ በመስከረም ይቀጥላል። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች፣ ሚኒ ሚዲያ ሞልቷል ከተባላችሁ ወደኛ ኑ።