የሻባላላ ጎል

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ የኔ ጌታ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ካምፕ ስትገቡ ስልካችሁን ስለሰበሰቡባችሁ ነው በወረቀት የምጽፍልህ። ደብዳቤውን ከቆሎው ጋር ለሚኒባስ ሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ። ቆሎውን ብቻህን አትብላ።

አባትህ "በርታ በይልኝ" ብሏል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ኤምአርአዩ፣ ስለዚያ የውስጥ አካል ማንሻ መሣሪያ ነው። ሰኞ ከ17 ዓመት በታች መሆናችሁን ለማጣራት የእጅ አንጓ ልትነሱ ነው አሉ።

እዚህ ወሬው ሌላ ነው። ስታዲየሙ በር ላይ ቡና ማፍላት ከጀመርኩ ጀምሮ ኳስ የሚያውቀውም የማያውቀውም እኔው በርጩማ ላይ ነው የሚተነትነው። አንዱ "መሣሪያው የተወለድክበትን ወር ሳይቀር ይናገራል" ይላል። ሌላው "ሸክም የተሸከመ ልጅ አጥንቱ ያረጃል" ይላል። እኔ ደግሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ስትሸከም የከረምክበት ክረምት ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ደንበኛዬን ጠየቅኳት።

ዕድሜ አይቆጥርም አለችኝ። ከአንጓህ ከፍ ብሎ የክንድ አጥንትህ ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚያድግበት መስመር አለ። ልጅ ሳለህ ክፍት ነው። እያደግክ ስትሄድ ይዘጋል። ድፍን ብሎ ከተዘጋ "ይህ ልጅ ከ17 በላይ ነው" ብለው ያስወጣሉ። ፊፋም በፈረንጆቹ 2009 ናይጄሪያ ላይ ከተደረገው ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ጀምሮ ይሠራበታል። ጨረር የለውም፣ አያምም፣ ጩኸቱ ብቻ ነው። ብረት ግን አይወድም፤ ስለዚህ የአንገትህን መስቀል አውልቅ። ክሩ ምንም አይልም።

አልፎ አልፎ ዕድሜው ሳይደርስ አጥንቱ ቀድሞ የሚዘጋበት ልጅም አለ አለችኝ። ይህን ልደብቅህ ነበር። ግን ድንገት አንተን ቢያወጡህ እዚያ ብቻህን ሆነህ በራስህ እንዳትጠራጠር ብዬ ነው።

የተወለድክበትን ቀን እንደሆነ ከማንም አትጠይቅም። ሰኔ 4 ቀን 2002፣ አርብ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ዓለም ዋንጫ የተከፈተ ዕለት። እኔ ምጥ ላይ ነኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ያ ቩቩዜላ እንደ ንብ ይጮሃል። 12 ሰዓት አለፍ ሲል ሕንፃው በጩኸት ተናጋ። የደቡብ አፍሪካው ሻባላላ አግብቶ ነው። አዋላጇ "ግፊ!" ትላለች፣ ውጭ "ጎል!" ይላሉ። አንተ ስትወጣ 1 ለ 0 ነበር። ሜክሲኮ አቻ ስታደርግ ታጥበህ ደረቴ ላይ ነበርክ። አባትህ እስከ ዛሬ "ልጄ እየመራን ነው የተወለደው" ይላል። ደቡብ አፍሪካ መቼ የእሱ አገር እንደሆነች እንጃ።

አንድ ያልነገርንህ ነገር አለ። የታዳጊዎች ኳስ ፕሮጀክት ውስጥ እያለህ አንድ ሰውዬ ቤት መጥቶ ነበር። "ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሁለት ዓመት ቀንሱለት፣ በኋላ ውጭ ለመሄድ ይጠቅመዋል፣ ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ" አለ። አባትህ ዝም። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሁለተኛ ሲኒ ስቀዳለት ጭምር እያሰብኩበት ነበር። ሌሎቹ ወላጆች አድርገውት ይሆን? የኛ ልጅ ብቻውን በእውነተኛ ዕድሜው ጺም ካላቸው ጋር ሊጋፋ ነው? ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው አባትህ ሳቁ የመጣው። "ሁለት ዓመት ከቀነስን የሻባላላን ጎል የት ልናደርጋት ነው?" አለኝ። በዚያው ቀረ።

ሰው ደግሞ ተጋጣሚ ብሎ ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ታንዛኒያን እየጠራ ያስፈራራል። በ2015 መጀመሪያ ላይ ሴካፋ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ውድድር፣ ከ17 ዓመት በታች አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ለፍጻሜ የደረሱት ማን ነበሩ? ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን። በርጩማዬ ላይ ስማቸውን የጠራ አልነበረም። ሶማሊያ በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰደች፣ ሁለቱም ወደ አልጄሪያው አፍሪካ ዋንጫ አለፉ።

አዳነ ግርማም የዚሁ የሐዋሳ ልጅ ነው። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተን፣ በ10 ሰው ቀርተን ዛምቢያ ላይ ያገባ ጊዜ አንተ አባትህ ትከሻ ላይ ነበርክ። ከደስታ ብዛት ጣሪያው ሊመታህ ምንም አልቀረውም።

ሰኞ ምንም ቢሉህ አሠልጣኙን ስልክ ለምነህ ደውልልኝ። ሌሊትም ቢሆን። ቢያወጡህ የሐዋሳ መኪና አይጠፋም፣ ፍራሽህም እንዳለ ነው። የክትባት ካርድህ ዋናው እኔ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፎ ትንሽ ወይቧል እንጂ ይነበባል። ኮፒውን ቆሎው ሥር አድርጌልሃለሁ።

ታኬታህ ሲረጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቀህበት ጥላ ላይ አድርቀው። ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው እንደ ባለፈው ማስቲሹ ይለቃል።

እናትህ